መቶ ሰማንያ ፍሬ

ፖስታው ከጄኔቭ መጣ፣ በረዶ እያካፋ፤
ፖስተኛዋ ጫማዋን ከደጃፉ አራግፋ
«ፈርሚ» አለቻት፤ ሳዮራም ፈረመች፤
ስድስት ዓመት የጠበቀችውን በመዳፏ መዘነች፤
ከእፍኝ ዱቄት ቀለላት።

ልጇ ዶኒዮር ጃላል-አባድ ታስሯል።
መዝገቡ «አምኗል» ይላል።
እንዴት እንዳመነ
የሚያውቀው ጎድኑ ነው፤
ጎድንን ደግሞ ማንም ዳኛ ለምስክርነት አልጠራው።

አስተማሪዋ ጃንጊል መነጽሯን ወልውላ
አነበበችላት፣ ጣቷን ከመስመሩ አስከትላ፦
«አንቀጽ ሰባት ተጥሷል፤ ማንም ሰው አይሠቃይ።
አንቀጽ ዐሥራ አራት ተጥሷል፤ ማንም በራሱ ላይ
እንዲመሰክር አይገደድ።
አገሪቱ ፍርዱን ትመርምር፤ ልጁን ትካስ፤
ምን እንዳደረገችም፣ መቶ ሰማንያ ቀን ሳይደርስ፣
ለኮሚቴው ትመልስ።»

«መቶ ሰማንያ» አለች ሳዮራ። ሌላው አለፋት።
ማታውኑ፣ ከመንደሩ ጫካ ከለቀመችው ዋልነት
መቶ ሰማንያ ፍሬ ቆጥራ ከማሰሮ ጨመረች።
ጠዋት ጠዋት አንድ ታወጣለች፤
አትሰብረውም፤
በመስኮቱ ጠርዝ ታሰልፈዋለች።

በሃያኛው ፍሬ ከተማ ወረደች።
የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ወረቀቱን ገልብጦ አየው፤
«እናቴ፣ ይሄ እኮ ፍርድ አይደለም፤ አስተያየት ነው።»
«አስተያየት ከማየት አይደል?» አለችው።
«ያዩት አስተያየት ሰጡ፤
ያላዩት ፍርድ ሰጡ?»

በአርባኛው፣ የጎረቤቷ ልጅ ኡላን፣ ፖሊሱ፣
በአሮጌ ላዳው አደረሳት፤ መንገዱን ሙሉ
አንቀጽ ሰባትን እንደ ጸሎት ስታነበንብ ሰማት።
ዐቃቤ ሕጉ ሻይ አስቀዳላት፦
«ሕገ መንግሥቱ፣ የፈረምነው ውል የሕጋችን አካል ነው ይላል፤ እውነት ነው።
ግን አካል ሁሉ እጅ አይደለም።»
«እንግዲያ የትኛው ነው?
ዓይን ከሆነ ይየኝ፤ ጆሮ ከሆነ ይስማኝ፤
እግርም ከሆነ፣ ልጄ ዘንድ ይሂድልኝ።»
ሻዩ በረደ።

ፈረሙ፣ አጨበጨቡ፣ ፎቶም ተነሡ፤
እንግዳውን ጠርተው በሩን ግን ረሱ።
«ቤት ለእንግዳ» እያሉ፣ ወንበር እያደሉ፣
ደጅ ያደረውን ቃል «ማነህ አንተ?» አሉ።

በመቶ ሰባኛው ሌሊት
ፈረስ ሰረቀ የተባለ ልጅ በጭነት መኪና መጣ፤
ጢሙ ገና ያልወጣ።
አለቃው «ሰዓቱን ተወው፣ ነገ ይሞላል» አለ።
ያ «ነገ» እስኪነጋ ምን እንደሚሠራ ኡላን ያውቃል፤
ግድግዳው ያውቃል፤
ጥግ የተቀመጠው፣ ውሃ የተሞላው ፕላስቲክ ያውቃል።
ብዕሩ በብርድ ደርቆ ነበር፤ በትንፋሹ አሞቀው።
ጻፈ፦ «ከምሽቱ አራት ሰዓት ከሃያ። በገላው ላይ ቁስል የለም።»
ከዚያም ለልጁ አባት ደወለ።
ይኸው ነው። ሌላ ነገር አልሆነም።
ልጁ በገባበት ጎድን ወጣ፤
ኡላን ወደ ድንበር ኬላ ይዛወራል ተባለ።

በመቶ ሰማንያኛው ቀን የመንግሥት መልስ ደረሰ፤ አንድ ገጽ፤
«ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው።»
ሳዮራ ባዶውን ማሰሮ ደፍታ፣
የመጨረሻዋን ፍሬ በኪሷ ከታ፣
ጣቢያው ድረስ በእግሯ ሄደች።
«የልጄን መዝገብ አውጣልኝ።»
ኡላን አቧራውን እፍ ብሎ ገለጠው፦
የዶኒዮር ስም፤ ቀኑ፤
ከጎኑ «ሰዓት» የሚል ጠባብ ሳጥን፣
ባዶ።

ፍሬዋን አወጣች፤ በሳጥኑ ላይ አኖረቻት፤
ልክክ አለች።

«ለካ በዚች ነው ልጄን ያስገቡት» አለች።